የተሠራ የቆዳ ዕቃን ቤት ውስጥ ማጥቆር፦ ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ ጫማና ጃኬት

ፈዘዝ ያለ ቡኒ ቦርሳን ጥቁር ቡኒ ማድረግም ሆነ የነጣ ጥቁር ጫማን ወደ ጥቁረቱ መመለስ ቤት ውስጥ ከነማድረቂያው አንድ ሳምንት ያህል የሚወስድ ሥራ ነው። ቀለሙን መቀባት ራሱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ቀሪው ጊዜ የሚሄደው ማቅለሚያው እንዲገባ የፋብሪካውን ሽፋን በማንሣትና የገባው ቀለም ተመልሶ ልብስ ላይ እንዳይወጣ በማድረግ ነው። ዕቃ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲዘለል ነው።

ከመጀመሪያው መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ በማቅለሚያ ማጥቆር እንጂ ማንጣት አይቻልም። የቆዳ ማቅለሚያ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥር ያለው መልክ ከላይ ከሚመጣው ጋር ይደመራል እንጂ አይሸፈንም። ቡኒ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ጥቁር ግን ወደ ቡኒ አይመለስም።

በቆርቆሮ የሚሸጠው የጫማ ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ሰምና ጥቂት ቀለም ነው፤ ላይ ላዩን ተቀምጦ ያበራል፣ ጭረት ይደብቃል፣ ሲፈተግ ይለቃል። ቦርሳውን በእሱ ለማጥቆር የሞከረ ሰው የሚያጠቁረው ሸሚዙን ነው።

ዕቃው ምን ዓይነት ቆዳ ነው?

«ቆዳ» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ማቅለሚያ አይጠጣም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የማይታይ ቦታ ይፈልጉ፦ የቦርሳው ክዳን ሥር፣ የጫማው ምላስ፣ ዘለበቱ ጋ የሚታጠፈው የቀበቶ ጫፍ። እዚያ ላይ ሁለት ሙከራ ያድርጉ።

አንደኛው የውሃ ጠብታ ነው። በጣትዎ አንድ ጠብታ ያሳርፉና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ገብቶ ቦታውን ካጠቆረው ቆዳው ክፍት ነው፤ ሥራዎ ይቀላል። ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ላዩ ተሸፍኗል፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዕቃም እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የአሴቶን ሙከራ ነው። ጥጥ በአሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ ነክረው ከጨመቁ በኋላ ያንኑ ቦታ ሃያ ጊዜ ያህል ይሹት። ጥጡ ጥቂት ቀለም ይዞ ከተነሣ፣ ቆዳው ማብረቁን ትቶ ከደበዘዘና ውሃ መጠጣት ከጀመረ፣ ላዩ የነበረው ስስ ላከር (የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ነው፤ በደንብ ይቀለማል። ጥጡ ወፍራም ቀለም እየያዘ ከሥሩ ሌላ መልክ ያለው፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ቆዳ ብቅ ካለ ዕቃው ሸፋኝ ቀለም ተቀብቷል። ይህም ይቻላል፣ ግን ሽፋኑን በሙሉ ማንሣት እጅ ያደክማል። ላዩ ለስልሶ ከተጣበቀና ከተላጠ ግን የያዙት ፕላስቲክ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ከተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ ተጣብቆ የተሠራ ዕቃ፣ ዓይን እስኪያጥበረብር የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ እነዚህ ሁሉ ማቅለሚያ አይቀበሉም። የሚያዋጣቸው ላያቸው ላይ የሚቀመጥ የቆዳ አክሪሊክ ቀለም ነው፤ አሠራሩ ከዚህ የተለየ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። የመኪና ወንበርና የሶፋ ቆዳም አብዛኛው ወፍራም ሽፋን ያለው በመሆኑ ከዚሁ ወገን ነው። ሶፋ በጥጥና በአሴቶን ልክፈት ብሎ መነሣት ትርፉ ድካም ነው።

መልኩንና ማቅለሚያውን መምረጥ

ቀለም ስለሚደመር የሥሩ መልክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ላይ ጥቁር ቡኒ እምብዛም አያሳፍርም፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡኒ ላይ ሰማያዊ ቢቀቡ አረንጓዴ ያወጣል። ቀይ ወይም የወይን ጠጅ መልክ ያለውን በቀጥታ ጥቁር ሲቀቡት ፀሐይ ላይ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ከጥቁሩ በፊት አንድ ስስ እጅ አረንጓዴ ቢቀድም ቅላቱን ያጠፋዋል። ቡኒን ጥቁር ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር መቀባት ጥቁሩን ጥልቅ ያደርገዋል። ያለዚያ ሦስት እጅ ጥቁር ገብቶም ቡኒው ከሥር ሊያፈተልክ ይችላል።

ማቅለሚያው ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። በአልኮል የተበጠበጠው ፈጥኖ ይገባል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ በዚሁ ፍጥነቱ ምክንያት መስመር መስመር እየሠራ ያስቸግራል፣ ቆዳውንም ያደርቃል። «የዘይት» የሚባለውም ውስጡ አልኮል አለው፤ ነገር ግን ዘይት ስለተጨመረበት ዝግ ብሎ ይደርቃል፣ የበለጠ እኩል ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ይህን ይምረጥ። በውሃ የተበጠበጠው ሽታ የለውም፣ እሳት አይፈራም፤ ግን ላዩ ምንም ሽፋን ያልተቀባ ቆዳ ላይ እንጂ አንዴ ተሸፍኖ የነበረ ቆዳ ላይ ጥልቅ አይገባም፣ በቀላሉም ይለቃል።

በውጭ አገር በብዛት የሚገኙት በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ከ1895 ጀምሮ የሚሠራው የፊቢንግስ እና የሎስ አንጀለሱ የአንጀለስ ምርቶች ናቸው። የፊቢንግስ «ፕሮ ዳይ» የዘይቱ ዓይነት ነው፤ ትንሹ ጠርሙስ 118 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ የጫማ መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡ የመርካቶ ሱቆችን መጠየቅ ነው። ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ ካጋጠመዎት ጠብታውን ነጭ ጨርቅና ብርጭቆ ላይ ያድርጉ። ብርጭቆው ላይ ሲደርቅ በጥፍር እየተላጠ ስስ ላስቲክ የሚመስል ነገር ከተነሣ አክሪሊክ ነው። ብናኝ ወይም እድፍ ብቻ ትቶ፣ ጨርቁን ዘልቆ ካቀለመ ማቅለሚያ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሚመጣ ዘመድ «ሻንጣህ ውስጥ ጣልልኝ» ለማለት ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የአልኮሉና የዘይቱ ማቅለሚያ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። አሴቶንም እንዲሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የማቅለሚያው መጠን ሳይቀጥን በግምት ይህን ያህል ነው፦ ለቀበቶ 15 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ 30፣ ለመካከለኛ ቦርሳ ከ60 እስከ 100፣ ለጃኬት ከ250 እስከ 350። መሀል ላይ አልቆ ሌላ ጠርሙስ ሲገዛ መልኩ ሊለይ ስለሚችል ከጎደለ ቢተርፍ ይሻላል።

ለመክፈቻ፣ ማለትም ሽፋኑን ለማንሣት፣ ለቦርሳ ሩብ ሊትር አሴቶን ይበቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ አሴቶን መሆኑን ያንብቡ፤ ዘይትና ማለስለሻ የተጨመረበት ላዩ ላይ ቅባት ይተዋል። ለማቅጠኛ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይፈለጋል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ ከሆነ ቀሪው ውሃ ነው፤ ለማጽጃ ያገለግላል፣ ለማቅጠኛ ግን መድረቁን ያዘገያል፣ መልኩንም ሊያዝጎረጉር ይችላል። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ቆዳው ላይ ይቀራል።

ከዚህ ሌላ፦ ጥቅል ጥጥ፣ የተቀደደ ነጭ የጥጥ ቲሸርት፣ አራት አምስት ቦታ የተቆረጠ ስፖንጅ፣ ለስፌት ጥግ የሚሆን ትንሽ የሥዕል ብሩሽ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጋዜጣ፣ የቆዳ ክሬም ወይም ኒትስፉት የተባለው ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ዘይት፣ እና በመጨረሻ ላዩን የሚሸፍን ማሸጊያ። ጓንት ብዙ ያዘጋጁ፤ ስሱ የሕክምና ጓንት አሴቶንን ቶሎ ያሳልፋል፣ ስለዚህ ደርበው ይልበሱ፣ እርጥበት ሲሰማዎትም ወዲያው ይቀይሩ። ማቅለሚያ ጣት ላይ ከዋለ በሳሙና አይለቅም።

ማጽዳትና መሸፈን

ማሰሪያውን፣ የሚነቀለውን ማንጠልጠያና ዘለበት ያውጡ። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ስፌት ለስፌት ያለውን በተለይ። ከዚያ ለስላሳ የእጅ ሳሙና በነካካው እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ ቆዳ በባሕርዩ ወደ አሲድ ያደላ ነው፣ የዱቄት ሳሙና ደግሞ አልካላይን ስለሆነ ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። ጥላ ውስጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ይድረቅ። ፀሐይ፣ ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ ቆዳን ያኮማትራሉ።

ቅባት የያዘ ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ እጅ የሚይዘው የቦርሳ ማንጠልጠያ ወይም የጃኬት ኮሌታ፣ የሕፃናት ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች ነስንሰው ያሳድሩትና ያራግፉት። ዘይት ማቅለሚያን ይገፋል። ጫማን ባንዴ የሚያበሩት ዝግጁ ስፖንጆችም ሲሊኮን ስላለባቸው እንዲሁ ናቸው፤ ለዓመታት በእነሱ የተወለወለ ጫማ ሲከፈት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ብረቱን፣ ዚፑን፣ ሶሉን፣ ገበሩን በፕላስተር ይሸፍኑ። ስፌቱን ግን ማዳን ይከብዳል። ክሩ ጥጥ ከሆነ አብሮ ይጠቁራል። ፖሊስተር ከሆነ በደንብ አይቀለምም፤ ጠቆር ባለ ቦርሳ ላይ የፈዘዘ ክር ይቀራል። ይህ መልክ የሚያስጠላዎት ከሆነ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ነው መወሰን ያለብዎት።

ሽፋኑን ማንሣት

በረንዳ ላይ ወይም ሁለት መስኮት በተከፈተበት ክፍል ይሥሩ። በአካባቢው ከሰል፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሻማ፣ የዕጣን ማጨሻ አይኑር። የአሴቶን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ሄዶ ከራቀ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ቡናው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይፈላ።

ጥጡን ነክረው ይጭመቁ፤ መንጠባጠብ የለበትም። ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን አንድ ቁራጭ ይምረጡና መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቦታ እየያዙ በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉ። የመጀመሪያው ጥጥ የሚያነሣው የቆየ ቅባትና እድፍ ነው፤ ጠቆር ብሎ ይመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የቆዳው የራሱ መልክ ይወጣል፣ ጥጡም ያዝ ያዝ ማድረግ ይጀምራል። የሚያጣብቀው የለሰለሰው ላከር ነው። ብዙ ሰው ቆዳውን ያበላሸው መስሎት እዚህ ላይ ይደነግጥና ይተወዋል፤ ያኔ ላከሩ ባለበት ተመልሶ ይደርቅና ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ይሆናል፣ ማቅለሚያውም እሱን እየዘለለ ያልፋል። አዲስ ጥጥ ይያዙና ይቀጥሉ። ማጣበቁ አልፎ፣ ቆዳው ደብዝዞ፣ ጥጡ ሲሄድበት ሻከር ካለ ተከፍቷል። ማረጋገጫው ያው የውሃ ጠብታ ነው፤ በየቁራጩ ሁለት ሦስት ቦታ ይሞክሩ። መሀሉ ጠጥቶ ጠርዙ ካልጠጣ ጠርዙ ይደገም። የቦርሳ ጠርዝ ለብቻው ወፍራም ላስቲክ መሰል ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን አይከፈትም፤ እሱን በመጨረሻ በአክሪሊክ ጠርዝ ቀለም መሸፈን ይቻላል።

አሴቶን የሚያነሣው ላከር ብቻ አይደለም። ማስቲሽ ያሟሟል፤ በሶልና በቆዳ መካከል፣ በቦርሳ እጥፋት ውስጥ ከዘለቀ ዕቃው አፉን ይከፍታል። የፕላስቲክ ቁልፍ፣ የፕላስቲክ ሶል፣ ብረት ላይ የተቀባ ቫርኒሽም ያበላሻል። ስለዚህ ወደ መገጣጠሚያ ሲጠጉ ጥጡን በእንጨት ዘንግ ላይ ጠቅልለው፣ ጠብታ ሳይወርድ ይሥሩ። ስስ ሽፋን ብቻ ያለው ዕቃ ከሆነ አሴቶን ሳያስፈልግ በአልኮል ይከፈታል፤ ሁልጊዜ ከቀላሉ ይጀምሩ።

በአሸዋ ወረቀት ላዩን መፋቅ የሚመክሩ አሉ። የለሰለሰውን የቆዳ ፊት ካነሡት በኋላ ግን ያ ቦታ ሁሌም ከሌላው በልጦ ይጠቁራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ከተከፈተ በኋላ ለሁለት ሰዓት ይናፈስ፤ ቢያድር አይከፋም። ቆዳው በጣም ደርቆ ከጠጠረ በጨርቅ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኒትስፉት በስሱ አዳርሰው 24 ሰዓት ያቆዩት። በመጠኑ ዘይት ያገኘ ቆዳ ማቅለሚያን እኩል ይጠጣል፤ የበዛበት ግን ይገፋል።

የማይታየው ቦታ ላይ ሙከራ

ማቅለሚያውን ከአልኮሉ ጋር እኩል በእኩል ያቅጥኑ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ለሙከራ ይበቃል። የማይታየው ቦታ ላይ አንድ እጅ፣ ከጎኑ ሁለት እጅ፣ ከዚያም ሦስት እጅ ይቀቡና ያሳድሩ። እርጥብ ማቅለሚያ ከሚደርቀው በብዙ ይጠቁራል፤ ማሸጊያ ሲገባ ደግሞ እንደገና ጥቂት ይጠቁራል። የሚፈልጉት መልክ የትኛው እንደሆነ በማግስቱ ጠዋት፣ በቀን ብርሃን፣ ሙከራው ላይ ክሬም ነካ አድርገው ይፍረዱ። በአምፑል ብርሃን የተመረጠ ቡኒ ደጅ ሲወጣ ቀይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መቀባት

ለዕቃው ሁሉ የሚበቃውን በአንድ ዕቃ በጥብጠው ይጀምሩ፤ በየመሀሉ እየበጠበጡ ከሄዱ መልኩ ይለያያል። መጠኑ ለጥቁር ቡኒ አንድ ለአንድ፣ በጥቂቱ ብቻ ማጥቆር ከፈለጉ አንድ ማንኪያ ማቅለሚያ ለሁለት ወይም ለሦስት ማንኪያ አልኮል ነው። ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ሁልጊዜ ይበልጣል። ወፍራሙ ላዩ ላይ ይከማቻል፣ የተከማቸው ደግሞ ነው ወደ ልብስ የሚሄደው።

ከቦርሳው ጀርባና ከሥሩ ይጀምሩ፤ እጅዎ እስኪለምድ ያለው ስሕተት እዚያ ይቅር። በትንሹ ብሩሽ ስፌቱንና ጥጎቹን ይቅደሙ፣ ወዲያው በስፖንጅ ሜዳውን ይከተሉ። ስፖንጁ የበጠበጡበት ዕቃ አፍ ላይ ተጨምቆ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያውን ማሳረፊያ ከቁራጩ መሀል ላይ አያድርጉ፤ ስፖንጁ ባረፈበት ቦታ ብዙ ቀለም ስለሚጥል ክብ ነጥብ ይቀራል። ከጠርዝ ገብተው በትንንሽ ክብ እየዞሩ፣ የረጠበውን ዳር ሳያደርቁ እስከሚቀጥለው ስፌት ድረስ ይሂዱ። ስልክ ቢጠራም ቁራጩ ሳያልቅ አይቁም፤ ደርቆ የተቀጠለ ቦታ መስመሩ አይጠፋም። ስፌት ግን መገናኛውን ስለሚደብቅ እረፍት የሚደረገው እዚያ ነው።

የአልኮሉ ዓይነት ከሆነ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ የዘይቱ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ሁለተኛውን እጅ ይቀቡ። አንደኛው ከላይ ወደ ታች ከሄደ ሁለተኛው ወደ ጎን ይሂድ። ቀበቶና ማንጠልጠያ ከሆነ በእጅ አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ይቀቡ፤ እጥፋቱ ሲከፈት የቀድሞው ቡኒ መስመር ሆኖ እንዳይታይ ነው። መልኩ ከፈለጉት አንድ ደረጃ ሲቀረው ያቁሙና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ጥላ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ።

ትርፉን ማውጣት

ጀማሪዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ መዘለሉ የሚታወቀውም ነጭ ሱሪ ላይ ነው። ቆዳው ሊይዘው ከሚችለው በላይ የገባው ማቅለሚያ ደርቆ በብናኝ መልክ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ሲሆን በአግድም ብርሃን ሲያዩት የመዳብ ወይም የአረንጓዴ ፍካት ይሰጣል። ያ ፍካት ጌጥ አይደለም፣ ሊለቅ የተዘጋጀ ቀለም ነው።

ንጹሕ ደረቅ የቲሸርት ጨርቅ ይዘው ክንድዎ እስኪሰማው ድረስ ይሹት። ጨርቁ መጀመሪያ በደንብ ይቀለማል፤ ጎኑን እያዞሩ፣ ሲሞላም እየቀየሩ ይቀጥሉ። አምስት ስድስት ጊዜ ተቀይሮ ጨርቁ ጭላንጭል ብቻ ሲያሳይ በውሃ ርሶ ሙልጭ ብሎ በተጨመቀ ጨርቅ አንዴ ይጥረጉ፣ ይድረቅ፣ በደረቁ ይድገሙ። አሁንም ብዙ የሚለቅ ከሆነ ጨርቁን በአልኮል ጥቂት ነካ አድርገው በፍጥነት ያዳርሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አይቁሙ፣ አልኮሉ ከሥር ያለውንም ያነሣል። መልኩ በዚህ ደረጃ ትንሽ ይፈዝዛል። ከፈዘዘብዎት አንድ ስስ እጅ ይጨምሩ፣ 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ እንደገና ይሹት። በነጭ ጨርቅ ሃያ ጊዜ ታሽቶ ምንም የማይሰጥ እስኪሆን ድረስ ወደ ማሸጊያ አይለፉ። ማሸጊያ ልቅ ቀለምን አያስርም፤ ከድኖ ያቆየዋል፣ ሽፋኑ ሲያልቅ ቀለሙ ይወጣል።

ቅባትና ማሸጊያ

አሴቶንና አልኮል ከቆዳው ውስጥ ቅባቱን ወስደዋል፤ ሳይመለስለት ከቀረ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለመካከለኛ ቦርሳ አንድ የሻይ ማንኪያ ኒትስፉት ወይም የቆዳ ክሬም በጨርቅ ላይ አድርገው በስሱ ያዳርሱ፣ 12 ሰዓት ይጠብቁ፣ የተረፈውን ይወልውሉ። የምግብ ዘይት አይሞክሩ። ኑግና ሱፍ ከአየር ጋር ሲቆዩ የሚያጣብቁ ዘይቶች ናቸው፤ የወይራ ዘይት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይሸታል።

ማሸጊያው እንደ አጠቃቀሙ ይለያል። ልብስ ለሚነካ ቦርሳና ቀበቶ በውሃ የተበጠበጠ አክሪሊክ ማሸጊያ ይሁን፤ የፊቢንግስ «ሬዞሊን» ለምሳሌ። ከውሃ ጋር እኩል ያቅጥኑት፣ በተጨመቀ ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ፣ ሳይመላለሱ ያሳልፉት። እየደጋገሙ ካሹት ማቅለሚያውን ያነሣና መስመር ይሠራል። በየመሀሉ አንድ ሰዓት እያደረቁ ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ይበቃል። ለጫማ የምንመርጠው ግን በሰም የተሠራ የጫማ ክሬም ነው፤ ጫማ በየእርምጃው ስለሚታጠፍ አክሪሊኩ ጣቶቹ ጋ ይሰነጠቃል።

ለሁለት ቀን ሳይነካ ይቆይ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ከነጭ ልብስ ጋር ባይያዝ ጥሩ ነው።

ጫማ፣ ጃኬት፣ ካሞሽ

ጫማን ከመቀባትዎ በፊት ጋዜጣ ጠቅጥቀው ቅርጹን ያስይዙ፤ ሲታጠፍ የሚሸበሸበው ቦታ ተዘርግቶ መቀለም አለበት። የሶሉ ዳር በፕላስተር፣ ሶልና ቆዳ የሚገናኙበት ቀጭን ቦታ ደግሞ በብሩሽ ነው።

ጃኬት ከሁሉ ይከብዳል። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንትና ለጃኬት ተፈላጊ ነው፤ ለማቅለም ሲሆን ግን ያ ስስነት ጣጣ አለው። ማቅለሚያው ተሻግሮ ገበሩን ያገኛል። ስለዚህ አንድ ለሁለት የቀጠነ፣ ስፖንጁም ደረቅ ማለት እስኪቻል የተጨመቀ መሆን አለበት። በሰፊ የእንጨት ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ፣ በጀርባና በገበር መካከል ፕላስቲክ ገብቶ፣ መጀመሪያ የእጅጌው ውስጥ ወገን፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ደረቱና ኮሌታው በመጨረሻ ይቀለማል። ጃኬት በአክሪሊክ ሲታሸግ ይንኮሻኮሻል፤ ክሬም ይበቃዋል። ውድ ጃኬት ከሆነ፣ በተለይም ሁለት ዓይነት ቁራጭ የተገጣጠመበት፣ ለባለሙያ መስጠቱ የተሻለ ነው።

ካሞሽ በአሴቶን አይከፈትም፤ ክፍት ነው። ለካሞሽ የተዘጋጀ ማቅለሚያ በብሩሽ በየአቅጣጫው ይገባል፣ ሲደርቅ ጭገሩ በደረቅ ብሩሽ ይነሣል። ክሬምና አክሪሊክ ጭገሩን ስለሚያጣብቁ አይነኩም።

አቼቶ ውስጥ የዛገ ሚስማር አቆይቶ በዚያ ውሃ ቆዳን ማጥቆርም የታወቀ ዘዴ ነው። የሚሠራው ብረቱ በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጫማ፣ ጃኬትና ቦርሳ በክሮም የለፋ ስለሆነ ታኒን የለውም፤ ግራጫ እድፍና የአቼቶ ሽታ ብቻ ይተርፍዎታል። ቡናና ሻይም ያቆሽሻሉ እንጂ አያቀልሙም።

ሲበላሽ

ዝንጉርጉር ሆኖ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ እኩል አልተነሣም። የፈዘዘው ቦታ ላይ ብቻ ማቅለሚያ መጨመር ዳሩን ያጠቁረዋል እንጂ አያስተካክልም። ፈዛዛውን በአልኮል እንደገና ይክፈቱ፣ ከዚያ ቁራጩን በሙሉ፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ በቀጠነ ማቅለሚያ ያዳርሱ። ካልተሳካ ወደ አንድ ደረጃ የጠቆረ መልክ መሄድ ነው፤ ጥቁር ብዙ ጥፋት ይሸፍናል።

ከፈለጉት በላይ ከጠቆረ ወዲያው፣ በሰዓታት ውስጥ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ቢጠረግ ጥቂት ይመለሳል። ካደረ የማይሆን ነው።

ጭረት የነበረበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ከታየ ጭረቱ የላይኛውን ፊት አልፎ ስለገባ ብዙ ጠጥቷል። አይጠፋም፤ በቀጣዩ ሥራ ጭረቱ ላይ ከመቀባትዎ በፊት ሰም ያለው ክሬም በጥርስ እንጨት ጫፍ ነካ ቢያደርጉበት ያንሳል።

ማሸጊያው እጥፋት ላይ ነጭ መስመር እየሠራ ከተሰነጠቀ ወፍሮ ተቀብቷል። የተሰነጠቀውን ቦታ በአልኮል በረጠበ ጥጥ አንሥተው፣ መልኩ ከተነካ አንድ ስስ እጅ ማቅለሚያ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እስኪጠራ ማሸት፣ ክሬም፣ በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ የቀጠነ ማሸጊያ አንድ እጅ።

አሴቶንና ማቅለሚያ የነካቸውን ጥጥና ጨርቆች ጠቅልለው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይክተቱ፤ ደጅ ተዘርግተው ይድረቁና ይጣሉ። የተረፈው ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ አይደፋም። ያልቀጠነው ማቅለሚያ ክዳኑ ጠብቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ጨለማ ቦታ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የቀጠነውን ግን በመስታወት ብልቃጥ አድርገው መጠኑን ላዩ ላይ ይጻፉ፤ የቦርሳው ጥግ ሲፈተግና ሲነጣ ለመንካት የሚያስፈልግዎት ያው ድብልቅ ነው።